ቃር ሌላ፣ የደም አሲድ ሌላ

በደባርቅ ብርድ ለኢፍጣር ትኩስ ሾርባና ሳምቡሳ የሚያህል የለም። ኋላ ደረት ሲያቃጥል ግን «ምግቡ ደሜን አሲድ አደረገው» ማለት ልክ አይደለም። ቃር የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ሲመለስ የሚሰማ ስሜት ነው፤ ቅባት ማብዛትና በልቶ ወዲያው መተኛት ያባብሱታል። (ከሱሁር በኋላ የምንጋደም እንጠንቀቅ!) የጤነኛ ሰው ደም ፒኤች ግን ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፤ የሚጠብቁትም ሳንባና ኩላሊት ናቸው። ሎሚም ሥጋም አያናጉትም።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ለፆሙ ብሎ መርፌውን ካቆመ ደሙ በእርግጥ አሲድ ሊሆን ይችላል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ከታየበት «ጨጓራ ነው» ብሎ መግሪብን መጠበቅ ለሞት ያደርሳል። ፆሙን ያፍርስ፣ ቤተሰቡም ወዲያው ሆስፒታል ያድርሰው። የታመመ ሰው ቀዳውን በሌሎች ቀናት እንዲያወጣ ቁርኣን በአል-በቀራህ ምዕራፍ ፈቅዶለታል።