ፀሐይ ሳይጠፋ የሚጎድል ቫይታሚንና የደም ካንሰር

በወሎ ቦረና፣ በመካነ ሰላም ደጋ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃል፤ ከአንገቱ በታች ግን ጋቢ ነው። አራስ ከነልጇ ቤት ትከተታለች፤ ሕፃኑ ለደጅ ሲወጣም ፊቱ ይሸፈናል፣ ለዓይንም ለምችም ተብሎ። ከማሻ እስከ አባይ ገደል አፋፍ፣ ፀሐይ የሚወደድም የሚፈራም ነገር ነው። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር ደግሞ የሚበረታው ወደ ቀትር፣ ሁሉም ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። የጠዋቱ ፀሐይ ሰውነት ያሞቃል እንጂ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ከምግብ የሚገኘውም ጥቂት ነው። ዓሣ፣ ጉበትና የእንቁላል አስኳል ይሰጡታል፤ እንጀራና ሽሮ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት መሆን ብቻውን አልጠቀመንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአዳማና አካባቢው ተማሪዎች ጥናት 42 በመቶ ያህሉ ልጆች ቫይታሚኑ እንደሚያንሳቸው አሳይቷል። ከከተማዎቹ 62 በመቶ ገደማ፣ ከገጠሮቹ ግን 21 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሜዳ ላይ የሚውል ልጅ ክፍል ውስጥ ከሚውለው ይሻላል ማለት ነው። ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ 500 ሕፃናት 210ሩ አጥንት የሚያለሰልሰው ሪኬትስ እንዳለባቸው አገኘ፤ ሳንባ ምች ከሌላቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ። የቫይታሚኑ ጉድለት ከአጥንት አልፎ ከሕመም መከላከያ ጋር እንደሚያያዝ ያን ጊዜም ተጠርጥሯል።

የደም ካንሰር የሚነሣው ከዚሁ መከላከያ ሠራዊት ነው። ሉኬሚያም ሊምፎማም ማይሎማም በመቅኒና በንፍፊት ውስጥ የሚመረቱ ሴሎች ሥርዓት ሲስቱ የሚመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 የጃፓን ተመራማሪዎች ንቁውን ቫይታሚን ዲ በአይጥ የሉኬሚያ ሴሎች ላይ ቢጨምሩት ሴሎቹ መባዛት ትተው ወደ ጎልማሳ የመከላከያ ሴልነት ተለወጡ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን በሰው ላይ ያን ያህል ለመሥራት የሚያስፈልገው መጠን የደሙን ካልሲየም አደገኛ ደረጃ ላይ ያደርሰዋል።

ቀጥሎ የመጣው የሕሙማን ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ 983 አዲስ የሊምፎማ ሕሙማን ተመርምረው የ44 በመቶው ቫይታሚን ዲ በሚሊሊትር ከ25 ናኖግራም በታች ሆነ። በኃይለኛው የቢ ሴል ሊምፎማ ከተያዙት መካከል ቫይታሚኑ ያነሳቸው ሰዎች የመሞት አደጋ እጥፍ ገደማ ነበር። በዓመቱ 390 ሰዎችን ያየ ሌላ ጥናት በዝግታ በሚሄደው የሊምፎሳይት ሉኬሚያም ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ ያነሳቸው ቶሎ ሕክምና ፈለጉ፣ ዕድሜያቸውም አጠረ። በ2019 የጀርመን ሐኪሞች የ351 የሆጅኪን ሊምፎማ ሕሙማንን ደም ሲያዩ ግማሾቹ ጎድሏቸው ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት በሁለቱ ወገን ሲነጻጸሩ ልዩነቱ 11 በመቶ ያህል ሆነ።

እነዚህ ቁጥሮች ልብ ያንጠለጥላሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። የታመመ ሰው ደጅ አይወጣም፣ አይበላም፣ ይከሳል። ቫይታሚኑ ስላነሰ ሞተ ወይስ ሕመሙ ስለጸና ቫይታሚኑ አነሰ? ይህን የሚለየው በዕጣ ተከፍሎ ለአንዱ ወገን ቫይታሚን፣ ለሌላው ባዶ እንክብል የሚሰጥበት ሙከራ ነው። በአሜሪካ 25,871 ጤነኛ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ካንሰር እንዳይዝ እንደማያደርግ አሳየ። በዝግታ በሚያድግ ሊምፎማ ላይ ሪቱክሲማብ ከተባለው መድኃኒት ጋር የተሞከረውም የተጠበቀውን ልዩነት አላመጣም። በቤተ ሙከራ ደረጃ ግን ቫይታሚኑ ሲሟላ ሪቱክሲማብ የካንሰር ሴል የመግደል አቅሙ እንደሚጨምር ስለታየ ጉዳዩ አልተዘጋም።

ለቦረና ሕመምተኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ሐኪም ዘንድ በጊዜ መድረስ ነው። የአንገት ንፍፊት ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ቲቢው በርግጥም ስለሚበዛ። በግራ ጎን የሚያብጥ ጣፊያ፣ ከድድ የማይቆም ደም፣ መድኃኒት የማይመልሰው ትኩሳት እስኪለይ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተመሠረተው በሉኬሚያ ባረፈ ሕፃን ስም ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ማግኘት ራሱ ከሕክምናው እንደማያንስ ያውቃል። በአገራችን ዕድሜ በትክክል ያራዘመውን ካነሣን ደግሞ ሥር ለሰደደው የማይሎይድ ሉኬሚያ በጥቁር አንበሳ በነፃ ሲሰጥ የኖረው ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት ነው።

ቫይታሚኑን መለካት ዋጋ የለውም አልልም። ማይሎማ አጥንት ይቦረቡራል፤ ለሕክምናው ፕሬድኒሶሎን ለወራት የወሰደ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፤ ለእነዚህ ጉድለቱን መሙላት ተገቢ ነው። ግን በራስ ፈቃድ አይደለም። ማይሎማም አንዳንድ ሊምፎማም የደም ካልሲየምን በራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ፤ እንደ ሊምፎማው ዓይነት ዕጢው ንቁውን ቫይታሚን ዲ ራሱ ሊያመርት ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ዘመድ ከውጭ የላከው እንክብል ጥማት ያበዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ሐሳብ ያምታታል። እንክብሉ ከመዋጡ በፊት ካልሲየሙ ይለካ።