ያገለገለ አኳሪየም ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር ስለማስለቀቅ

ያገለገለ አኳሪየም የሚገዛ ሰው ከዚያ ነጭ መስመር ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ውሃው ይቆምበት በነበረው ከፍታ ላይ ዙሪያውን የያዘ፣ በእስፖንጅ ቢሹት፣ በሳሙና ቢያጥቡት ንቅንቅ የማይል። ሻጩ «አቧራ ነው፣ በውሃ ይለቃል» ይላል። በውሃ እንዴት ይለቃል፣ የመጣው ከውሃ!

ነገሩ ኖራ ነው፤ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ከማንቆርቆሪያው ውስጥ በደንብ ያውቀዋል። የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋይ መሀል ሲያልፍ ካልሲየም አሟሙቶ ይመጣል። አኳሪየም ውስጥ ውሃው ሲተን ካልሲየሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ባለቤቱ የጎደለውን በዚያው ውሃ ይሞላል፣ እሱም ይተናል፣ ኖራው እያደር ይደራረባል። አዲስ አበባም ቢሆን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው አንድ አይደለም፤ የጉድጓዱ ኖራ ይበዛዋል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ አቼቶ ይዛችሁ ሂዱ (ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ)። ነጩ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉና ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ከጠብታው ሥር የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ አረፋዎች እየተከታተሉ ወደ ላይ ከወጡ ኖራ ነው፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረፋ ካልታየ ላዩን የደረቀ አልጌ ሸፍኖት ሊሆን ስለሚችል ፋቅ አድርጋችሁ ድገሙ። አሁንም ምንም ከሌለ፣ ጥፍራችሁንም ስታስኬዱበት ጉብታ ካልነካችሁ፣ የደበዘዘው መስታወቱ ራሱ ነው ማለት ነው። እሱን የትኛውም አቼቶ አይመልሰውም፤ ዋጋ አስቀንሱበት። በውስጥ በኩል ያለ ቀጭን ጭረት ግን ብዙ አያስጨንቃችሁ፣ ውሃ ሲሞላ አብዛኛው አይታይም። የውጪው ነው እንደታየ የሚቀረው።

አሁን ወደ ሥራው። ትልቁ ምስጢር አሲዱ ጊዜ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ቆሞ ባለ መስታወት ላይ አቼቶ ብትረጩ ተንጠባጥቦ ያልቃል፣ ኖራው ገና አልተነካም። ስለዚህ ገንዳውን በጎኑ አስተኙት፤ የሚጸዳው ገጽ ከታች ይሁን። ሶፍት ወይም አሮጌ ጨርቅ በነጭ አቼቶ አርሳችሁ መስመሩ ላይ አንጥፉ፣ እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፍኑት። ቀጭን ከሆነ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ ለቆየው ማሳደር ነው። ጠዋት ገልጣችሁ ስትነኩት ጭቃ የመሰለ ነገር እጃችሁ ላይ ይቀራል። ያልለቀቀ ካለ በአዲስ አቼቶ ድገሙት፤ የተጠቀማችሁበት ኃይሉን ጨርሷል። ሽታው የሚያስቸግራችሁ ሲትሪክ አሲድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። የፈላ ውሃ ግን አታፍስሱ፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

የቀረውን ግትር ቅርፊት በአዲስ ምላጭ ነው የማነሳው። መስታወቱ እርጥብ ይሁን፣ ምላጩ ጋደም ይበል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይገፋ። ጥግ ላይ ያለው ሲልኮን ጋ ስትደርሱ ምላጩን አስቀምጡ፤ እዚያ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የብረት ሽቦ በጭራሽ። ገንዳው ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ምላጭም አይነካውም፤ በጣታችሁ ስትመቱት ድምፁ ድፍን ካለ ፕላስቲክ ነው።

ሁለት ነገር ላይ አልደራደርም። አቼቶና በረኪና አይገናኙም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለተኛው የባትሪ አሲድ ነው፣ አንዳንድ ሰው ይመክራል። ሰውን ከማቃጠሉ ሌላ ኖራውን ላዩ ላይ ወደ ጀሶ ይቀይረዋል፣ ጀሶው ደግሞ የታችኛውን ኖራ ይሸፍነዋል። ሳሙናም ይቅርባችሁ፣ ከቀረ ዓሣ ይገድላል። ደጋግሞ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ ነው።

ዓሣ ያለበት ገንዳ ከሆነ ውሃውን ከመስመሩ ዝቅ አድርጉና አቼቶ በነካ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠራርጉ፤ ወደ ውስጥ አይንጠብጠብ። እንዳይመለስ ደግሞ የተነነውን በዝናብ ውሃ ወይም ካልሲየሙ ተጣርቶ በወጣለት ውሃ መተካት፣ ከአሮጌው ውሃም በየጊዜው ቀንሶ መለወጥ።

ብዙ ሰው የሚዘልለው አንድ ነገር አለ። በቆየ ገንዳ ላይ ኖራው ራሱ የሲልኮኑን ቀዳዳ ደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ ስታጸዱት ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ሳሎን ከማስገባታችሁ በፊት ደልዳላ ቦታ ላይ ጋዜጣ አንጥፋችሁ ሙሉት፣ 24 ሰዓት ተዉት። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ስለሆነ ሞልታችሁ ለማንሳት እንዳትሞክሩ። ጋዜጣው ከረጠበ ሲልኮኑን ፍቆ በአዲስ መተካት ነው፤ ስትገዙ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበትን ለአኳሪየም የሚሆነውን ጠይቁ።