ደብረ ታቦር የትኛውን ቤት ሙዚየም ታድርግ?

የደብረ ታቦር ታሪክ በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፤ ይህን ሁሉ የሚያሳይ አንድ የድሮ ቤት ለምን ሙዚየም አይሆንም? ችግሩ "የቱ ቤት?" ሲባል ይጀምራል።

ከተማዋን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ራስ ዓሊ ተቀመጡባት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ አደረጓት፣ እንግሊዛዊው ጎርደንም በ1872 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስን ሊያነጋግር የመጣው እዚሁ ነው። እንዲህ ያለች ከተማ ግንብ ሊኖራት ይገባ ነበር ያሰኛል። ነገር ግን ጎንደር በድንጋይና በኖራ ስትሠራ፣ ደብረ ታቦር በድንኳን፣ በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ነበር የምትሠራው። የነበረውንም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ አቃጠሉት። ከአጠገቧ ጋፋት ላይ ተቀልጦ የተሠራውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ ግን ይዘው ሄዱ፤ ለእሱ መንገድ እየጠረጉ፣ ዳገቱን እየሸነሸኑ ወራት ፈጀባቸው። መድፉ አሁንም መቅደላ ነው። የመናገሻዋ ቤቶች ግን አመድ ሆኑ።

እንግዲህ ቤት የሚፈልግ ሰው ቀጥሎ የሚያየው የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ነው። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ በጌምድርን የገዙት ከደብረ ታቦር ሆነው ነው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ አንቺም ላይ በውጊያ ሲወድቁ ከላያቸው አውሮፕላን ነበር። ጣሊያን ሲመጣ የአስተዳደሩ ማዕከል ወደ ጎንደር ሄደ። ከዚያ በኋላ በከተማዋ የሚቆጠረው የሹማምንትና የነጋዴ ቤት ነው፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ በላዩ ቆርቆሮ።

ጭቃ ቤት ደግሞ በየዓመቱ ካልመረጉት አይቆይም። ለዚህ ነው የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 47፣ ከማንኛውም ጦርነት በላይ የከተማ ቤቶችን ዕጣ የወሰነው የምለው። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነውን ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለውን የኪራይ ቤቶች ድርጅት ተረከበው። ኪራዩም ለትንንሾቹ ቀነሰ። ተከራይ ተጠቀመ፣ እውነት ነው። ግን ቤቱን የሚመርገው ማን ነው? ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል፣ ቀበሌው በዚያች ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ አይቀይርም፤ የቀድሞው ባለቤትም ልጆቹም ከበራፉ ውጭ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ማፍረስን ይከለክላል። ዝናብ ግን ፈቃድ አይጠይቅም።

ሌሎች ከተሞች ቀንቷቸዋል። የራስ ብሩ ቤት፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ አዲስ አበባ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር የከተማዋ ሙዚየም ሆነ። ሐረር "ራምቦ ቤት" የሚባለውን ታስጎበኛለች፣ ምንም እንኳ ቤቱ ከገጣሚው ከራምቦ ሞት በኋላ የተሠራ ነው ቢባልም። ከዚህ ሁሉ የእኔን ልብ የሚወስደው ግን እዚያው ሐረር ያለው የራስ ተፈሪ ቤት ነው። አሁን እዚያ ያለው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም መጀመሪያ የነበረው በሰብሳቢው መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ብራና፣ ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ የዘፈን ቅጂ ከየቤቱ ለዓመታት ለቃቅመዋል። የራስ ተፈሪ ቤት የተሰጣቸው ከዚያ ወዲያ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ግን የሚባለው መጀመሪያ ቤቱ ይገኝ ነው። ቢገኝስ ምን ይግባበት? የቴዎድሮስ ጠጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስ አዲስ አበባ ገባ። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ የወሰደው ብዙው አሁንም ባሕር ማዶ ነው። የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤትና በየሰዉ ሣጥን ውስጥ ይሆናል። የደብረ ታቦር እናት ሣጥኗን ለማን ትከፍታለች? ቅርሱን መዝግበው ለሚያስቀሩላት፣ ደረሰኝ ለሚሰጧት፣ ነገ "የት ደረሰ?" ስትል ለሚያሳዩዋት ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ ሰው በተገኘ ዕለት፣ አንድ የቀበሌ ክፍል እንኳ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።