ኮከብ የሚወለድበት ጓዳ

በታኅሣሥ ወር ብሪን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ገና ከቀኑ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። በጨለማው የማያማርር ሐበሻ ኦስሎ ውስጥ የለም። ለሰማይ ተመልካች ግን ጨለማ ሀብት ነው። ደመናው ገለል ያለ ለታ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው ያያል። የኦሪዮን መታጠቂያ የሚባሉት ናቸው። ኦሪዮን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ መጽሐፈ ኢዮብ ከሰባቱ ከዋክብት ጋር በስሙ ያነሣዋል።

በጥር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ (ፈረንጆቹ 22 ሰዓት በሚሉት) ኦሪዮን ብሪን ላይ የመጨረሻ ከፍታው ላይ ይደርሳል። ያም ቢሆን ከአድማስ 25 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ፎቅ ይጋርደዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን 75 ዲግሪ ወጥቶ አናት ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከመታጠቂያው በታች እንደ ጎራዴ የተንጠለጠሉ ደብዘዝ ያሉ ነጥቦች አሉ። መካከለኛዋ ኮከብ አይደለችም፤ ኔቡላ ናት፤ ማለትም ኮከቦች እየተወለዱበት ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና። ርቀቷ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሆነ ዛሬ ማታ ብሪን የሚደርሰው ብርሃን ከዚያ የተነሣው ላሊበላ ገና ሳይፈለፈል ነው።

ለመሆኑ ኮከብ ሲወለድ ማን አይቷል? ለብዙ ዘመን ማንም። ደመናው በራሱ ክብደት ተሰብስቦ፣ ተጨምቆና ግሎ ኮከብ የሚሆነው አቧራው በጣም በወፈረበት ቦታ ነው። ያ አቧራ ደግሞ ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ያግዳል። ባጭሩ፣ ወላዷ በጓዳ ናት፤ መጋረጃውም ተዘግቷል።

እዚህ ላይ እናቶቻችን ምጣድ ሲያሰሙ የሚያደርጉትን ላስታውስ። ምጣዱ ጥቁር ነው፣ አያበራም። እጃቸውን ከላይ ዘርጋ አድርገው ግን መጋሉን ሳይነኩት ያውቃሉ። እጃቸው የተቀበለው የማይታይ ብርሃን ኢንፍራሬድ፣ በአማርኛው ታሕተ ቀይ፣ ይባላል። ዊልያም ኸርሸል በ1800 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ፕሪዝም በትኖ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ከፍ አለበት። ነገሩ የተገኘው እንዲህ ነው። ይህ ብርሃን ሞገዱ ረዘም ያለ በመሆኑ ደቃቁ አቧራ እንደ ተራ ብርሃን አይበትነውም፤ ሾልኮ ይወጣል። አቧራው ራሱም በጨቅላው ኮከብ ሲሞቅ ኢንፍራሬድ ይለቃል።

ታዲያ ከምድር ሆኖ ማየት ለምን አይበቃም? በአየር ውስጥ ያለው የውኃ እንፋሎት አብዛኛውን ይውጠዋል። ሌላው ችግር ቴሌስኮፑ ራሱ ሙቀት ያለው ነገር መሆኑ ነው፤ በቀን ብርሃን ኩራዝ እንደ መፈለግ ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያውን ወደ ሕዋ ማውጣትና ማቀዝቀዝ ግድ ሆነ። የመጀመሪያው አይራስ በጥር 1983 ወጣ፤ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ሂሊየም በኅዳር አለቀና ሥራው ቆመ። ስፒትዘር በ2003 ወጥቶ ሂሊየሙ በ2009 ቢያልቅም እየሞቀውም ቢሆን እስከ ጥር 2020 ሠርቷል። መስተዋቱ 3.5 ሜትር የነበረው የአውሮፓውያኑ ኸርሸል ከ2009 እስከ 2013 ቆየ። ከስፒትዘር በቀር የሌሎቹ ዕድሜ በተሸከሙት ሂሊየም ልክ ነበር ማለት ይቻላል።

ጄምስ ዌብ ይህን ዕዳ አስቀረ። በታኅሣሥ 25 ቀን 2021 የተወነጨፈው ይህ ቴሌስኮፕ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የቴኒስ ሜዳ በሚያህል ባለ አምስት ድርብ ጥላ ሥር ተቀምጧል። በጥላው በኩል ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 220 ዲግሪ ያልፋል። ብሪን በረዶ ላይ ላዳለጠን ለእኛም ቢሆን ይህ የሚገመት አይደለም! በወርቅ የተለበጠው መስተዋቱ 6.5 ሜትር ሲሆን ከ18 ክፍሎች የተገጣጠመ ነው።

ልዩነቱን ለማየት የንስር ኔቡላ ዓምዶችን ማነጻጸር ይበቃል። ሀብል በ1995 ያነሣው ፎቶግራፍ ላይ ዓምዶቹ ድፍን ቋጥኝ ይመስላሉ። ዌብ በ2022 ሲያነሣቸው ግን ስስ ሆነው ጠርዛቸው ላይ ገና የተወለዱ ቀያይ ኮከቦች ታዩ። በዚያችው በኦሪዮን ኔቡላ ውስጥ ደግሞ በ2023 ክብደታቸው ከጁፒተር ጋር የሚቀራረብ፣ በየትኛውም ኮከብ ዙሪያ የማይዞሩ 40 ያህል ጥንዶች መገኘታቸው ተነገረ። ሌሎች ሊቃውንት ግን አብዛኞቹ ከኔቡላዋ ኋላ ያሉ ሩቅ ነገሮች ናቸው ብለው ተከራከሩ። ጥሩ ነው፤ ክርክር የሌለበት ሳይንስ አዋጅ ነው።

ከአዲስ ኮከብ ዙሪያ የሚተርፈው አቧራ ፕላኔት ይሆናል። በዚህ ረገድ አገራችንም ድርሻ አላት። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ ስም የማውጣት ዕድል ሲሰጥ፣ በአንድሮሜዳ በኩል ያለች አንዲት ኮከብ ‹‹ቡና››፣ ፕላኔቷም ‹‹አቦል›› ተባሉ። ቶናና በረካ ሌላ ፕላኔት እስኪገኝ ይጠብቃሉ።

እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት፣ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ ሜትር መስተዋት የሆኑት ሁለት ቴሌስኮፖች ከ2015 ጀምሮ አሉ። ከሥራቸው ያለው የአዲስ አበባ መብራት ግን በየዓመቱ ይደምቃል። በዚህም ምክንያት ባለሙያዎች በላሊበላ አካባቢ ያሉትን ተራሮች፣ በተለይም ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን አቡነ ዮሴፍን ለትልቅ መመልከቻ ጣቢያ አጥንተዋል። ከፍታው አብዛኛውን እንፋሎት ከታች ስለሚያስቀር ለኢንፍራሬድ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ በ2023ም እዚያው ሌላ ውጊያ ተነሣ። ጠመንጃ በሚተኮስበት ተራራ ላይ መስተዋት የሚተክል የለም።

እስከዚያው ለልጆቻችን የቀረ በር አለ። በዌብ ለመመልከት ማመልከት የሚችለው ከየትም አገር የሆነ ተመራማሪ ነው። ገምጋሚዎቹ የአመልካቹን ስም፣ አገርና ተቋም ሳያዩ ይወስናሉ። ማመልከቻ ሲባል ሆዳችን ቡጭ ለሚል ስደተኞች ይህን የመሰለ አሠራር ማመን ይከብድ ይሆናል፤ ግን እውነት ነው። የተሰበሰበው መረጃም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም በነጻ ይከፈታል፤ አዲስ አበባ ላለ ተማሪም፣ እዚህ ብሪን ከትምህርት ቤት መልስ ኮምፒዩተር ላይ ለሚቀመጠው ልጅም።