ከተማ ሲደርስ ጀፎረው ባለቤት ያጣል

ስለ ጀፎረ ያልሰማ አንባቢ ዛሬ ጥቂት ነው። በመስቀል ሰሞን ቴሌቪዥን የሚያሳየን የለመለመ ሰፊ ሜዳ፣ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ጎጆዎች፣ መሐል ለመሐል የሚጋልቡት ፈረሶች የብዙዎቻችን የጉራጌ ምስል ሆነዋል። ከወልቂጤና ከቡታጅራ ዙሪያ የሚመጣው ወሬ ግን ሌላ ነው፦ ጀፎረው ታጠረ፣ ተቆረሰ፣ ተሸነሸነ፣ ካርታ ወጣበት። ሕዝብ ይህን ያህል የሚኮራበትን ቦታ እንዴት ያስቆርሳል?

የተለመደው መልስ ስግብግብነት ነው። ደላላው፣ ባለሀብቱ፣ አጥሩን በየክረምቱ አንድ ክንድ ወደፊት የሚገፋው ጎረቤት ይወቀሳሉ። ሌሎች የሕዝብ ብዛትን ያነሳሉ። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ስግብግብ ጎረቤት ከመቶ ዓመት በፊትም ነበረ፤ ጀፎረው ግን ቆየ። የጉራጌ መሬት የጠበበውም ዛሬ አይደለም፤ የጠበበ መሬት ነው ወጣቱን ትውልድ በትውልድ ወደ መርካቶ የሸኘው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ያ ጎረቤት ለምን እንደደፈረ ሳይሆን፣ ድሮ ይገታው የነበረው ኃይል የትና መቼ እንደቀረ ነው። በእኔ እምነት የቀረው የገጠሩ ቀበሌ ወደ ከተማ ክልል በተካለለበት ቀን ነው። ይህ ምክንያት በስብሰባ ላይ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም፤ ከሌሎቹ ሁሉ ግን የሚከብደው እሱ ይመስለኛል።

ጀፎረ የሚሠራበትን መንገድ እናስታውስ። ቤቱ ፊቱን ወደ ጀፎረው፣ ጀርባውን ወደ እንሰቱ አዙሮ ይሠራል። ፊት ለፊት ያለው ሣር የሁሉም ነው፤ ከቤቱ ኋላ ያለው የባለቤቱ። ስፋቱ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ግን ባለ ሁለት አቅጣጫ አስፋልት ቢዘረጋበት እንኳ ግራና ቀኙ ሰፊ ሣር ይተርፋል። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል። እያንዳንዱ አባወራ ደጃፉ ላይ ያለውን ሣር ይጠብቃል፤ ማረስም መትከልም ግን አይችልም። ድንበር የገፋ ሰው በሽማግሌ ይጠራል። ካልተመለሰ ጉዳዩ በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ ደረጃውን ጠብቆ እስከ የጆካ ሸንጎ ሊደርስ ይችላል፤ ክስታኔ ጉራጌም የራሱ ባህላዊ ሕግ፣ የጎርደና ሴራ፣ አለው። ትልቁ ቅጣት ገንዘብ አልነበረም። ከሴራ የወጣ ሰው ለቅሶው ላይ የሚደርስለት፣ ቤቱን የሚያቆምለት፣ እሳት ሲነሳበት የሚሮጥለት አያገኝም። ቅጣቱ የሚሠራው ቀጪውና ተቀጪው በአንድ ሜዳ ፊት ለፊት ስለሚኖሩ ነው።

አሁን ሕጉን እንይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከዚያ በታች ግን መሬቱ በሁለት አዋጆች ይተዳደራል። ገጠሩን ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ የመራው አዋጅ ቁጥር 456/1997 የወል ይዞታን በስሙ ጠርቶ ያውቀዋል። እዚያው ግን መንግሥት የመሬት ባለቤት እንደመሆኑ የወል ይዞታን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊያዞር እንደሚችል ተጽፏል። ይህች አንዲት ንዑስ አንቀጽ ብዙ በር ከፍታለች። ይህ አዋጅ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ በአሮጌው ዘመን መሬት ላይ የሆነው ግን ሆኗል። ከተማውን የሚገዛው ደግሞ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። ይህኛው የሚያውቀው ባለይዞታን፣ ሊዝን፣ ጨረታንና ፕላንን ነው። የመንደር ሽማግሌ በዚህ አዋጅ ውስጥ ቦታ የለውም።

እንግዲህ አንድ ቀበሌ ከገጠር ወደ ከተማ ሲዛወር ምን ይሆናል? እንሰቱ ባለቤት አለው፤ ይለካል፣ ይቆጠራል፣ ይካሳል። ጎጆውም እንዲሁ። ጀፎረው ግን የማንም ስም አልተጻፈበትም። ትናንት ሽማግሌው ይጠብቀው ነበር፤ ዛሬ ሽማግሌው ሥልጣኑ አብቅቷል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ገና አልደረሰም፤ ቀያሹ ቢመጣም ፕላኑ ላይ «ክፍት ቦታ» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ መሐል ያለው ጊዜ፣ አንዳንዴ ወራት አንዳንዴ ዓመታት፣ ነገሩ ሁሉ የሚያልቅበት ነው። ጎረቤት ያጥራል፣ ሌላው «እኔስ ለምን እቀራለሁ» ይላል፣ ቆርቆሮ ይቆማል፣ በቆርቆሮው ውስጥ ባህር ዛፍ ይተከላል፣ ቀጥሎ አንድ ክፍል ቤት። የሊዝ ሥርዓቱ ያለ ፈቃድ የተያዘን ቦታ ከፕላን ጋር ከተስማማ ሕጋዊ የሚያደርግበት መንገድ ስላለው፣ ያጠረ ሰው ተስፋ አያጣም። ያላጠረው ነው የሚጎዳው። ሕግ አክባሪውን የሚቀጣ ሽግግር ደግሞ አጥሩን በየቀኑ ያበዛዋል።

የካሳው ስሌትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። የቀድሞው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 በዋናነት የሚከፍለው መሬቱ ላይ ላለ ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ ነበር። ጀፎረው ላይ ቤት የለም፣ ቡና የለም፣ እንሰት የለም። ስለዚህ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ኬላ፣ ለመብራት ምሰሶ ቦታ የሚፈልግ ባለሥልጣን ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እዚያው ላይ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ከሁሉም በላይ ካሳ የማያስከፍል። ብዙ ጊዜ ጀፎረን መጀመሪያ የነካው ባለሀብት ሳይሆን መልካም ሐሳብ ያለው የመንግሥት ፕሮጀክት ነው። አንዴ መንግሥት ከቆረሰው በኋላ ለአጣሪው ጎረቤት ምን ብሎ ይመልስለታል? አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የወል ይዞታ ሲነሳም ካሳ እንደሚከፈል አስቀምጧል። ጥሩ እርምጃ ነው። ግን ገንዘብ ለሣሩ ምትክ አይሆንም፤ የወል መሬትን ዋጋ ለየቤቱ ማከፋፈል በራሱ ነገሩን ወደ ግል ማዞር አይደለምን?

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ጉብሬ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን አንድ እግሯን ወደዚያ አንስታለች፤ ጉብሬም ዛሬ ክፍለ ከተማዋ ነው። ዩኒቨርሲቲ በመጣበት ኪራይ ቤት ይመጣል፣ ኪራይ ቤት በመጣበት የደጃፍ መሬት ይወደዳል። በ2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ ቢሮዎች በአንድ ከተማ ሳይከማቹ ወልቂጤንና ቡታጅራን ጨምሮ ለተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ለሁለቱም ከተሞች ሕዝብ የምሥራች ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ቢሮ ግቢ ይፈልጋል፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ቤት ይፈልጋል፣ የከተማው ወሰንም አንድ እርምጃ ወደ መንደሩ ይገባል። ከላይ ያልኩት ባዶ ጊዜ ያኔ እንደገና ይጀምራል፣ በሌላ ቀበሌ፣ በሌላ ጀፎረ ላይ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አንድ ቁጥር አለ። የአገሪቱ የከተማ ፕላን መመዘኛ ከመሬቱ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለሕንፃ እንዲውል ይጠይቃል። ወደዚህ ለመድረስ ከተሞች ቤት ያፈርሳሉ፣ ነዋሪ ያነሳሉ፣ ካሳ ይከፍላሉ፣ ችግኝ በቦቴ ውሃ ያጠጣሉ። ጀፎረ ያለው መንደር ወደ ከተማ ሲገባ ግን አረንጓዴውን ከነመንገዱ፣ ከነዛፉ፣ ከነጠባቂው ይዞ ይገባል። ማንም ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ስጦታ በነፃ አግኝቶ አያውቅም። እኛ ግን ሸንሽነን ስናበቃ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ ስም፣ በከፍተኛ ወጪ መልሰን ልንሠራው እንነሳለን።

የኮሪደር ልማቱን የማየው በዚህ ዓይን ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በክልል ከተሞች ሲስፋፋ ወልቂጤም ቡታጅራም ደርሶታል። የእግረኛ መንገድ መስፋቱን፣ ሱቁ ደረጃውን እየዘረጋ የያዘው ዳር ለሕዝብ መመለሱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሥራው የሚያተኩረው ዋናው አስፋልት ዳር ላይ ነው፤ እንግዳ የሚያልፍበት፣ ካሜራ የሚያየው። ከዚያ ጀርባ፣ ከተማው ወደ እርሻ በሚገባበት ጫፍ፣ በዚያው ሳምንት የጋራ መሬት እየተቆረሰ ቢሆን ማን ያያል? ደግሞ ንጣፍ ሣርን አይተካም። በክረምት ከተዳፋቱ የሚወርደውን ውሃ ጀፎረው ይጠጣዋል፤ ኮንክሪት ግን ወደ ታችኛው ሰፈር ያወርደዋል።

መዘዙ ግን ከጎርፍ ያልፋል። ጀፎረ የሌለው ሰፈር ሰው ሲሞትበት ድንኳኑን የሚተክለው መንገድ ላይ ነው፤ መኪና ይዞራል፣ አምቡላንስም ይዞራል። ልጆች ኳሳቸውን ይዘው አስፋልት ዳር ይወጣሉ። አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ አገሩ ሲገባ ዘመድ የሚገናኘው፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ መንገዱ የሚመከረው ሜዳው ላይ ነው። በ1950ዎቹ ከዓለም ገና በቡታጅራ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ለመሥራት ማኅበር አቋቁሞ ከኪሱ ያዋጣ ሕዝብ ነው። እንዲህ ያለ መዋጮ ከባዶ አይበቅልም፤ ሰው ለጋራ ነገር መስጠትን የሚማረው የጋራ ነገር በደጁ ሲኖረው ነው። እዚህ ላይ ለከተሜው ወገኔ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፦ በበዓል ቀን የሚጨፈርበትን ሣር አጥሮ ፎቅ የሚያስጀምረው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከመርካቶ የመጣ ነው። ገንዘቡ መምጣቱ ደስ ይላል። ፎቁ እንሰቱ በነበረበት በኩል፣ ወደ ኋላ ቢሠራ ግን ባለቤቱም ደጅ ይኖረው ነበር።

ነገሩ የጉራጌ ብቻ አይደለም። ሐዋሳ የፍቅር ሐይቅን ዳር ለእግረኛ ስላስቀረች ዛሬም ጀበና የያዘችው እናትም፣ ሙሽሮችም፣ ተማሪውም እዚያ ይገኛሉ። ቢሾፍቱ ግን ሐይቆቿን ለማየት አብዛኛውን ጊዜ በሪዞርት በር መግባት፣ መክፈል ያስፈልጋል። ልዩነቱ የሕንፃው ብዛት አይመስለኝም፤ አንደኛው ከተማ ዳሩ የማን እንደሆነ ሕንፃው ከመምጣቱ በፊት ወስኗል፣ ሌላው ሕንፃው ከመጣ በኋላ ጠይቋል። ውሃ ዳርም ይሁን ሣር፣ ከግል ግንባታ ጋር ጠላት አይደለም። ጀፎረው ራሱ ይህን ያሳያል፤ ግራና ቀኙ ያሉት የግል ቤቶች ናቸው የሚያምሩት፣ የሚያምሩትም መሐሉ ስላልተነካ ነው።

«ጀፎረውን የመጠበቅ ሥልጣን ለሽማግሌዎች ይመለስ» የሚሉ አሉ። ልቤ ወደዚያ ቢያደላም ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሸንጎው ቃል ለዘመናት የወንድ ቃል ነበር፤ የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጆካ ፊት ቆማ የሞገተችው በከንቱ አልነበረም። የእጅ ባለሙያ ቤተሰቦችም በሴራው ውስጥ እኩል አልተቆጠሩም። ደግሞ ዛሬ ወልቂጤ ውስጥ ያለው ሠራተኛ፣ ተከራይ፣ ተማሪ ከብዙ አካባቢ የመጣ ነው፤ ያላደገበት ሴራ አያስረውም። ሽማግሌው ወሰኑን ያውቃል፣ ማዘጋጃ ቤቱ የማስከበር አቅም አለው። የሚያስፈልገው ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ወረቀት ነው።

ለዚያ ወረቀት አዲስ ሕግ አይጠበቅም። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ አለ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት ያገለግላል፤ ሲዘጋጅም ነዋሪው ሐሳብ የመስጠት መብት አለው። ቀበሌ ወደ ከተማ ከመካለሉ በፊት የጀፎረው ርዝመትና ስፋት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች ባሉበት ተለክቶ፣ ድንጋይ ተተክሎለት፣ የማይሸነሸን የሕዝብ ይዞታ ሆኖ በመዝገብ ቢገባ፣ ሽግግሩ ባዶ ጊዜ አይኖረውም። ልኬቱ መካለሉን መቅደም አለበት፤ ከተካለለ በኋላ የሚመጣ ቀያሽ የሚለካው የተረፈውን ብቻ ነው። በሚቀጥለው የፕላን ክለሳ ላይ የወልቂጤና የቡታጅራ ነዋሪ ከመንገድና ከቦታ ጥያቄው በፊት «ወደ ከተማ የሚገቡት ቀበሌዎች ውስጥ ስንት ጀፎረ አለ? በየትኛው ገጽ ላይ ተመዝግቧል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።