የሲሬ መድኃኒት ቤትና የጤና መድን

ከነቀምቴ በስተ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምትገኘው ሲሬ የሲቡ ሲሬ ወረዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ መድኃኒት ቤት ከፍቶ የሚኖር ሰው ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት በሩ ቢመታ የሚነሣ፥ የታመመ ልጅ ታቅፋ የመጣችውን እናት ገንዘቡ ጎደለ ብሎ ለመመለስ የሚያፍር የአገር ሰው ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ፥ ከዚያ ወዲህ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ወረዳ ተስፋፍቷል። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፥ ለድኻው መንግሥት ይከፍልለታል፥ በታመመም ጊዜ ውል በገባው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሳይከፍል ይታከማል። ነገር ግን ውሉ በአብዛኛው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ስለ ሆነ፥ በጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ያለቀ እንደ ሆነ በሽተኛው ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። እዚያ የመድን ደብተሩን ቢያሳይ አያገለግለውም። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለ ነውና፥ እንደ ገና ክፈል መባሉ ግፍ ይመስለዋል፤ ቍጣውም የሚያርፈው በመድን ጽሕፈት ቤቱ ላይ ሳይሆን በፊቱ በቆመው ባለ መድኃኒት ቤት ላይ ነው።

ውል ይግባ ቢባልስ? የአዲስ አበባው ከነማ መድኃኒት ቤት የከተማው አስተዳደር ንብረት ስለ ሆነ፥ በዱቤ ሰጥቶ ክፍያውን ቢጠብቅ ጀርባው ሰፊ ነው። የሲሬው ግን ያለው በመደርደሪያው ላይ የሚታየው ብቻ ነው። ቸሩ ሳምራዊ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር በእጁ ሰጥቶ፥ የተረፈውን ሲመለስ ሊከፍለው ተስፋ እንደ ሰጠው ካህናት ያውቁታል፤ ጠባቂው የተማመነው ቃሉን ብቻ አልነበረም። ለገጠሩ ባለ መድኃኒት ቤት የሚቀርበው ውል ግን ዲናሩን ትቶ ተስፋውን ብቻ ይዞ ቢመጣ፥ ማን ይፈርመዋል? የጅምላ አከፋፋዩ ገንዘቡን ወዲያው ይሻል። ይልቁንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋው ስለ ናረ፥ ዘግይቶ የተከፈለ ገንዘብ የተሸጠውን ያህል መልሶ ላይገዛ ይችላል። ማኅተም ጎድሎ የተመለሰ አንድ ማዘዣም የብዙ ቀን ትርፍ ይበላል።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ከግል መድኃኒት ቤቶች ጋር ሲዋዋሉ፥ የመድኃኒቱን ዋጋ እንደሚወስኑ ሁሉ የሚከፈልበትንም ቀን ቈርጠው ይጻፉ፤ ለመነሻም የአንድ ወር ማዘዣ የሚሸፍን ገንዘብ አስቀድመው ያስይዙ።