ከዕቃ ወደ ገጠመኝ፦ ግማሽ እውነት

በ2003 እ.ኤ.አ. ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካውያንን ይበልጥ ያስደሰታቸው የገዙት ዕቃ ወይስ ገንዘብ ያወጡበት ገጠመኝ እንደሆነ ጠየቁ። 57 በመቶው ገጠመኙን፣ 34 በመቶው ዕቃውን መረጡ። አዲስ ስልክን ዓይን ቶሎ ይለምደዋል፤ ጎረቤት የተሻለ ሲገዛ ደግሞ ገና ሳይበላሽ ያረጃል። ከወዳጅ ጋር ያሳለፉት ቀን ግን በተወራ ቁጥር ይጣፍጣል።

ከዚህ ተነስተው "ምርጫችን ከዕቃ ወደ ገጠመኝ ከዞረ እኛም ተፈጥሮም እንጠቀማለን" የሚሉ አሉ። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ ሁለተኛው ግን በራሱ አይመጣም። ለሽርሽር ዱባይ ደርሶ መልስ መብረርም ገጠመኝ ነው፤ ከአንድ ተጓዥ ድርሻ የሚወጣው ካርቦን ግን ከብዙ ሸሚዞች ይበልጣል። በአንጻሩ ጫማ ሰፊ እየጠገነው ዓመታት የሚያገለግል ጫማ ዕቃ ሆኖም አካባቢን ብዙ አይጎዳም። መለኪያው የሚያልቀው ጉልበትና ጥሬ ዕቃ እንጂ የግዢው ስም አይደለም።

"ይህ የጠገበ ሰው ወሬ ነው" የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ሊ፣ ሆልና ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች ያካሄዱት ጥናት ኑሯቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ከዕቃ የሚያገኙት ደስታ ከገጠመኝ እንደማያንስ አሳይቷል። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ማቀዝቀዣ ቅንጦት አይደለም። ክርክሬ ሦስተኛ ቴሌቪዥን ከሚገዛው ጋር ነው። እሱን የጎረቤት ቡና ሳያስደስተው አይቀርም፤ ቡናው የሚፈላበት ከሰል የራሱ ጣጣ ቢኖረውም።